ስንት ሰዓት ነው? ስንት ሰዓት ፈጀ?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



የዛሬው ንግግራችን ከኢማም አፍ የሚጠበቅ ላይመስል ይችላል። ስለ ሒሳብ ነው። ከሒሳብም ስለ አንዲት ትንሽ ክፍሉ፣ ማለትም ልጆቻችን ከዚህ እስከዚያ ያለፈውን ጊዜ እንዴት እንደሚያሰሉ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ቤታችን ውስጥ የሚያስከትለው ትልቅ ነው። ወደዚህ ርዕስ የገፋፋንን ገጠመኝ በማውሳት እንጀምር።

እኛ ያለንበት የመንዝ ደጋ ብርዱ የታወቀ ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች በቁጥር ጥቂት ስለሆንን ትንሹንም ትልቁንም ልጅ በአንድ ክፍል ሰብስበን ነው የምናስተምረው። በአንድ የረመዳን ምሽት ልጆቹ በተምርና በሾርባ አፍጥረው፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ባና ተከናንበው እንደተቀመጡ አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው። «ዛሬ ስንት ሰዓት ፆምን?» አልናቸው። የሱብሒ አዛን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ የመግሪቡ አዛን ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነበር።

በመቀነስ ጎበዝ የሆነ የ10 ዓመት ልጅ እጁን ከሁሉ ቀድሞ አወጣ። «ኡስታዝ፣ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ!» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አላህ ይቅር ይበለንና እኛም አብረን ሳቅን። ቀኑን ሙሉ በረሃብና በጥማት የዋለ ልጅ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ፆምን ሲል ማን አይስቅም? ልጁ አንገቱን ደፋ። ተራዊሕ ሰግደን ወደ ቤት ስንመለስ ግን ነገሩ ከነከነን። ልጁ የተማረውን በትክክል ሠርቷል፤ ከ12፡35 ላይ 11፡20 ሲቀነስ 1፡15 ይመጣል። ስህተቱ የመቀነስ አልነበረም። ሰዓት የሚያመለክተው ነጥብን ነው ወይስ ርዝመትን የሚለውን ማንም አላስተማረውም። ካላስተማሩት መካከል ደግሞ አንዱ እኛው ነበርን።

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

ውድ አድማጮቻችን፣ በቋንቋችን «ሰዓት» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። «8 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ስንል የቀኑን አንድ ነጥብ መናገራችን ነው። «8 ሰዓት ተኛሁ» ስንል ግን ርዝመት ነው። አዋቂ ሰው ከንግግሩ አካሄድ ይለየዋል። ልጅ ግን፣ አንዳንዴም የጨነቀው አዋቂ፣ ይምታታበታል።

አንዲት እኅታችን በአንድ ወቅት የገጠማትን አጫውታናለች። ሕፃን ልጇ ታሞ ሽሮፕ ታዘዘለትና በየ8 ሰዓቱ አንድ ማንኪያ ስጪው ተባለች። እሷም የሰማችው 8 ሰዓት የሚለውን ነው። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ማንኪያ፣ ከሌሊቱም 8 ሰዓት ላይ አንድ ማንኪያ ትሰጠው ነበር። በዚያ ብርድ ከእንቅልፏ እየተነሳች፣ ኩራዝ እያበራች፣ አንድም ቀን ሳታጓድል። እናት ከዚህ በላይ ምን ልታደርግ ትችላለች? ነገር ግን ከቀኑ 8 እስከ ሌሊቱ 8 ያለው ርቀት 12 ሰዓት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ መውሰድ የነበረበት ልጅ ሁለት ጊዜ ብቻ ወሰደ፣ ሕመሙም ረዘመ። ወደ ሕክምና ስትመልሰው ነገሩ ታወቀ፤ ልጁም አልሐምዱሊላህ ዳነ። በየ8 ሰዓቱ ማለት ለምሳሌ ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነበር።

በዚያ ቤት የተማረች የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ጊዜን በርዝመቱ መቁጠር ተምራ ቢሆን ኖሮ ለእናቷ በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፍላት ነበር። ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም የምንለውም ለዚህ ነው።

ከሰዓቱ በፊት ርዝመቱን

ታዲያ ከየት እንጀምር? ሰዓት ከማሳየታችን በፊት ርዝመትን ማስለመድ ይቀላል። ልጁን እንዲገምት እንጠይቀው። ቡናው እስኪፈላ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ውኃ ቀድቶ ለመመለስስ? አራት ረከዓ ለመስገድስ? ይገምት፣ ከዚያም በሰዓት ይለካ፣ ግምቱንና ልኩን ያስተያይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ይሳሳታል። ሳምንት ሳይሞላው ግን 5 ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ በሰውነቱ ያውቀዋል። ይህን ያወቀ ልጅ «1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ፆምን» ብሎ ቢያሰላ እንኳ መልሱ ራሱ ይቆረቁረዋል፤ ተመልሶም ያየዋል።

ሰዓት በሌለበት ቤት ፀሐይ አለች። አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር። እኛም የዙህርና የዐስር ወቅት መሠረቱ ጥላ መሆኑን በመድረሳ ተምረናል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኡመያ መስጊድ ወቅት ጠባቂ የነበሩት ኢብኑ ሻጢር ለመስጊዱ ሚናራ የጥላ ሰዓት ሠርተው ነበር፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1371 ነው። ልጆቻችን ያን ያህል መራቀቅ አያስፈልጋቸውም። በደጅ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይትከሉ። በየሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጡ። ማታ ጠጠሮቹን ሲያዩ ቀኑ በመሬት ላይ ተዘርግቶ ይታያቸዋል። በክረምት ጭጋጉ ፀሐይን ስለሚሸፍን ይህን በበጋ እናድርገው።

ጅረትን በድንጋይ መሻገር

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ሰው ከቤቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተነስቶ መሐል ሜዳ ገበያ 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ደረሰ እንበል። መንገዱ ስንት ሰዓት ፈጀ?

ብዙ ልጆች 5፡15ን ከላይ፣ 2፡40ን ከታች ጽፈው ይቀንሳሉ። 15 ላይ 40 ስለማይቀነስ ከ5ቱ አንድ ይበደራሉ። የተበደሩትን ግን እንደ 100 ይቆጥሩታል። መልሱ 2 ሰዓት ከ75 ደቂቃ ይሆንባቸዋል። እስቲ ልብ በሉ፣ 75 ደቂቃ ራሱ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል! ከሰዓት ላይ የተበደርነው አንድ፣ 60 ደቂቃ ነው እንጂ መቶ አይደለም። ልጁን መውቀስ አይገባም። በገንዘብ አንድ ብር መቶ ሳንቲም ነው፤ በርዝመት አንድ ሜትር መቶ ሳንቲ ሜትር ነው። ጊዜ ብቻ በ60 እንደሚሄድ ካልነገርነው ከየት ያውቃል?

እኛ በመድረሳችን መቀነሱን ለጊዜው ትተን ሌላ መንገድ እናሳያቸዋለን። ጅረት የሚሻገር ሰው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ እንደሚያልፍ፣ ልጁም ከሙሉ ሰዓት ወደ ሙሉ ሰዓት ይርገጥ። ከ2፡40 እስከ 3 ሰዓት 20 ደቂቃ ነው። ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት 2 ሰዓት ነው። ከ5 ሰዓት እስከ 5፡15 ደግሞ 15 ደቂቃ። ሲደመር 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። መበደር የለም፣ መምታታትም የለም። በጣት እየቆጠሩ፣ በመሬት ላይ በጭረት እያመለከቱ ሊሠሩት ይችላሉ። በመቀነስ መሥራትን ከዚያ በኋላ ቢማሩ መልሱን የሚያመሳክሩበት ሌላ መንገድ በእጃቸው ይኖራቸዋል።

12ን ማለፍ

ወደዚያ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። የአገራችን ሰዓት ሲነጋ 12 ላይ ያልፋል፣ ሲመሽም 12 ላይ ያልፋል። ከጧት እስከ ማታ ባለው የሥራ ሰዓት ውስጥ ይህ ችግር አይገጥመንም፤ ከ2 እስከ 11 ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል። ፆም ግን የሚጀምረው 12 ከማለፉ በፊት፣ የሚያበቃው ሁለተኛው 12 ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በመንገዳችን ላይ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አሉ፤ የጧቱ 12 እና የማታው 12።

ከሌሊቱ 11፡20 እስከ ጧቱ 12፣ 40 ደቂቃ። ከጧቱ 12 እስከ ማታው 12፣ 12 ሰዓት። ከማታው 12 እስከ 12፡35፣ 35 ደቂቃ። 40 እና 35 ሲደመር 75 ደቂቃ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። በ12 ሰዓት ላይ ስንደምረው 13 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል። ልጃችን ያገኘው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው በመካከል ያለው ሙሉ ቀን ብቻ ነው።

በእጅ ስልክ ለሚያዩ ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ስልኮች የሚያሳዩት በ24 የሚቆጥረውን ሰዓት ነው። 18፡35 ሲል 6 ቀንሰን የማታ 12፡35 እንላለን። 05፡20 ሲል 6 ጨምረን የሌሊት 11፡20 እንላለን። በስልኩ ሰዓት ከ18፡35 ላይ 05፡20 ሲቀነስ 13፡15 ይመጣል፤ በድንጋዩ መንገድ ያገኘነውም ይህንኑ ነበር። ሪያድ ያለ ወንድማችን ከጧቱ 9 ሰዓት የሚለውን እኛ 3 ሰዓት እንለዋለን፤ አገሩ ከእኛ ጋር አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነውና ፀሐይቱ ለሁለታችንም ያው ናት። የሰዓቱ ስያሜ ይለያያል እንጂ የጊዜው ርዝመት አይለያይም። ልጆች ይህን ሲረዱ የውጭው ሰዓት አያስፈራቸውም።

በነገራችን ላይ በአገራችን የፆም ቀን ርዝመት እንደ ወቅቱ ከ13 ሰዓት ገደማ እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ረመዳን በሰኔ ሲውልባቸው ከ18 ሰዓት በላይ ይፆማሉ። ልጆቻችሁ ይህን አስልተው ልዩነቱን ቢያገኙት በአላህ ጸጋ ላይ የሚያስተነትኑበት መልካም ሒሳብ ይሆንላቸዋል።

ቀን፣ ወርና ዕዳ

ጊዜ በሰዓት ብቻ አይቆጠርም። በቀንና በወርም ይቆጠራል። የአገራችን ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ ለልጅ ይመቻሉ። ዶሮ የታቀፈችው ጥር 18 ከሆነ ጫጩት የምትፈለፍለው በ21ኛው ቀን ነው። ጥር እስኪያልቅ 12 ቀን፣ ከየካቲት 9 ቀን፤ እንግዲህ የካቲት 9 እንጠብቅ። በግ የምታረግዘው 5 ወር ያህል ነው፤ ጥቅምት 10 የተጠቃች በግ መጋቢት 10 አካባቢ ትወልዳለች። የመንዝ ልጅ ከበግ ጋር ነው የሚያድገው፤ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ መጽሐፍ ከየት ይመጣለታል?

አንዲት መሰናክል ግን አለች። ጳጉሜ ናት። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 15 ስንት ቀን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው ልጅ 25 ይላል። ከነሐሴ 10፣ ከጳጉሜ 5፣ ከመስከረም 15፤ 30 ቀን ነው። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 31።

ይህች ጳጉሜ ልጆችን ብቻ አይደለም የምታሳስተው። አንድ ጊዜ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ለእርቅ ተጠርተን ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን፣ ለዓመታት ደስታና ሐዘን የተጋሩ። ሐምሌ 1 ቀን በሦስት ወር የሚመለስ ገንዘብ ተበዳድረዋል። አበዳሪው ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ ብለው ቆጠሩና መስከረም 1 ገንዘቤን አሉ። ተበዳሪው ጳጉሜን ወር አልላትም ብሎ ጥቅምት 1 አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ሦስት ወር 90 ቀን ነው ብለው ቀኑን ሲቆጥሩ መስከረም 26 ላይ አረፈ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቀን! አንዳቸውም ሊያጭበረብሩ አልፈለጉም። በስተመጨረሻ በጥቅምት 1 ተስማሙ። ነገር ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሰላምታ ተነፋፍገው ከርመው ነበር። የሚመለስበት ቀን በወረቀት ቢሰፍር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ የሚከፈል ዕዳ እንዲጻፍ ያዛል። በሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የኸሊፋነት ዘመን «ሸዕባን» የሚል ብቻ የተጻፈበት ሰነድ ቀርቦላቸው፣ ያለፈው ሸዕባን ይሁን የሚመጣው መለየት እንዳልተቻለ ይነገራል። ከዚህ በኋላ ባልደረቦቻቸውን አማክረው ዓመታት ከሒጅራ ጀምሮ እንዲቆጠሩ ወሰኑ። የምንጠቀምበት የሒጅራ አቆጣጠር መነሻው እንግዲህ የጊዜ ስሌት ችግር ነው ማለት ይቻላል።

ከፍ ላሉት ልጆች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እነሆ። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል። 33 የፀሐይ ዓመታት ሲያልፉ 34 የጨረቃ ዓመታት ያህል አልፈዋል። ዘካ የሚታሰበው በጨረቃ ዓመት ነው። ከመስከረም እስከ መስከረም እየቆጠረ ዘካ የሚያወጣ ነጋዴ በ33 ዓመት ውስጥ የስንት ዓመት ዘካ ያመልጠዋል? ልጆቹ ይመልሱላችሁ።

ትምህርቱ በቤት

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሁሉ አስተማሪ ይሠራዋል ብለን እንዳንተወው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ል. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ዓመታት ያመለጣቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በመንዝም በግሼም በመርሐቤቴም ልጅ በቤት የሚውልበት ቀን ሲኖር፣ ያ ቀን እንዳይባክን ማድረግ በአቅማችን ነው። ለዚህ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ አያስፈልግም። እሳት፣ ጥላ፣ ዶሮና አዛን ይበቃሉ።

እናቶቻችን «እኛ አልተማርንም» ይሉናል። ሊጡ መቼ ተቦክቶ መቼ እንደሚጋገር፣ ቂጣው በምጣዱ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ልጁ ከጠባ ስንት ጊዜ እንደሆነው ከእናት በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የጊዜን ርዝመት ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጁ ቁጥሩን ይዞ ይምጣ፣ እናት ርዝመቱን ትጨምርበት።

ደግሞም ልጅ ሲሳሳት አንሳቅበት። እኛ ሳቅን፣ ዋጋውንም ከፈልን። በማግስቱ ምሽት ያንን ልጅ ወደ ፊት ጠርተን በድንጋይ መሻገሩን አሳየነው። በጣቱ እየቆጠረ ከሌሊቱ ወደ ጧቱ 12፣ ከጧቱ ወደ ማታው 12፣ ከዚያም እስከ አዛኑ ተሻገረ። መልሱን ሲያገኝ ፊቱ በራ። ቀጥሎ ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ኡስታዝ፣ ታዲያ ትናንት የሳቃችሁብኝ ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

በጀመዓው ፊት ዐፍዉ አልነው። እሱም ዐፍዉ አለን።

ውድ አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ከዙህር እስከ ዐስር ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ነው? በየቀኑ ይጠየቁ፣ ራሳቸው ያስሉ። አላህ (ሱ.ወ.) በዕድሜያችን በረካ ያድርግልን፤ ልጆቻችንን ጊዜ የሚያውቁ፣ ቃላቸውን በጊዜው የሚፈጽሙ ያድርግልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያምጣልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።